ሸክሙን የተሸከመው ማን ነው? የኢንካ መንገድና የተሸካሚዎቹ ታሪክ



ዛሬ በፊታችሁ የቆምሁት ስለ አንድ መንገድ ልነግራችሁ ነው። መንገዱ የሚገኘው በደቡብ አሜሪካ፣ በፔሩ አገር፣ በአንዲስ ተራሮች ውስጥ ነው። ርዝመቱ 43 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን በእግር ሲሄዱት ግን 4 ቀን ይፈጃል። መጨረሻው ማቹ ፒቹ የተባለው ዝነኛ የኢንካ ፍርስራሽ ነው። ስለ ማቹ ፒቹ ግንቦች፣ ያለ ጭቃ ስለ ተገጣጠሙት ድንጋዮች፣ ስለ ሥፍራው ውበት ብዙ ተጽፏል። እኔ የማነሣው ጉዳይ ግን ከግንቡ ይልቅ መንገዱን፣ ከመንገዱም ይልቅ በመንገዱ ላይ ያለፈውን የሰው ጀርባ የሚመለከት ነው። ጥያቄዬ አጭር ነው፦ በዚህ መንገድ ላይ ባለፉት 600 ዓመታት ሸክሙን የተሸከመው ማን ነው? የተሸከመውስ ለማን ነው?

ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

በመጀመሪያ መልክዐ ምድሩን ላስረዳ፤ መንገዱን እኔም በእግሬ ሄጄበታለሁና። ጉዞው ከኩስኮ ወደ ማቹ ፒቹ በሚወስደው የባቡር ሐዲድ ላይ፣ 82ኛው ኪሎ ሜትር በሚባለው ሥፍራ፣ የኡሩባምባን ወንዝ በመሻገር ይጀምራል። በመጀመሪያው ቀን ተጓዡ ያክታፓታ የተባለውን፣ በእርከን የተከበበውን የኢንካ ሰፈር ቁልቁል ያያል። በሁለተኛው ቀን ወደ ዋርሚ ዋኙስቃ ይወጣል። እኛ ጣርማ በር እንደምንለው ሁሉ ይህም የተራራ በር ነው፤ ትርጓሜው በኬቿ ቋንቋ «የሞተች ሴት» ማለት ሲሆን፣ ስሙ የወጣለት የተራራው ጀርባ የተንጋለለች ሴት ስለሚመስል ነው። ከፍታው 4,200 ሜትር ያህል ነውና ከራስ ዳሸን ጫፍ የሚያንሰው በጥቂት መቶ ሜትሮች ብቻ ነው። በሦስተኛው ቀን ሌሎች በሮችን ተሻግሮ፣ በደመና መካከል የታነጹ ሰፈሮችን አልፎ፣ እጅግ ብዙ የድንጋይ ደረጃዎችን ይወርዳል። በአራተኛው ቀን ማለዳ ኢንቲ ፑንኩ፣ ማለትም «የፀሐይ በር»፣ ላይ ሲደርስ ማቹ ፒቹ ከበታቹ ትታየዋለች። የማቹ ፒቹ ከፍታ 2,430 ሜትር ያህል ነው፤ ከአዲስ አበባ ከፍታ እምብዛም አይርቅም። ስለዚህ ከኛ ደጋ ለሄደ ሰው አየሩ እንግዳ አይሆንበትም፤ ጉልበቱን የሚፈትነው ደረጃው ነው።

ይህ የ43 ኪሎ ሜትር መንገድ የብቻው አይደለም። ቃፓቅ ኛን፣ ማለትም «ታላቁ መንገድ»፣ የሚባለው የኢንካ የመንገድ መረብ አንድ ቅንጣት ነው። መረቡ ከ30,000 ኪሎ ሜትር በላይ እንደሚሆን ይገመታል። ዛሬ በኮሎምቢያ፣ በኢኳዶር፣ በፔሩ፣ በቦሊቪያ፣ በቺሊና በአርጀንቲና ግዛቶች ውስጥ ተበትኖ ይገኛል፤ ስድስቱ አገሮች በጋራ አቅርበውት ዩኔስኮ በ2014 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ኢንካዎች ይህን ሁሉ ሲዘረጉ መንኮራኩር ያለው ተሽከርካሪ አልነበራቸውም። ፈረስም በቅሎም አያውቁም ነበር። የጭነት እንስሳቸው የግመል ዘመድ የሆነው ላማ ሲሆን እርሱም የሚችለው ከ25 እስከ 30 ኪሎ ግራም የሚደርስ ጭነት ነው። በመሆኑም የመንግሥቱ ዋና ኃይል የሰው እግርና የሰው ጀርባ ነበር። መንገዱ ሽቅብ ሲወጣ ደረጃ የሆነውም ለእግረኛና ለላማ እንጂ ለመንኮራኩር ስላልተሠራ ነው።

ሥራው የሚከናወነው ሚታ በተባለው ሥርዓት ነበር። ሚታ ማለት «ተራ» ማለት ነው። እያንዳንዱ ማኅበረሰብ ለመንግሥት የሚከፍለው ግብር በገንዘብ ሳይሆን በጉልበት ነበርና ተራው የደረሰው ሰው መንገድ ይጠርጋል፣ ድልድይ ይዘረጋል፣ ድንጋይ ይጠርባል፣ እርከን ይክባል፣ ይዘምታል። በመንገዱ ዳር ታምቦ የሚባሉ ማረፊያዎች፣ በአጠገባቸውም በቆሎ፣ የደረቀ ድንችና ልብስ የሚከማችባቸው ጎተራዎች ነበሩ። ቻስኪ የሚባሉት መልእክተኞች ደግሞ በቅብብሎሽ እየሮጡ ቃሉንና ኪፑውን ያደርሳሉ። ኪፑ በቋጠሮ ቁጥር የሚያዝበት የክር መዝገብ ነው። ኢንካዎች በፊደል የተጻፈ መዝገብ ስላልተዉልን፣ ስለ እነርሱ የምናውቀው ሁሉ ከቁፋሮ፣ ከሕዝቡ ትውፊትና ድል ካደረጓቸው ስፔናውያን ጽሑፍ የተገኘ ነው። ይህን ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ጸሐፊ የሚጽፈው ብዙውን ጊዜ ያዘዘውን ሰው ስም እንጂ የተሸከመውን ሰው ስም አይደለም።

ሚታን ባርነት ነው ብሎ መደምደም ስሕተት ይሆናል። መንግሥቱ ተራቸውን የሚያደርሱትን ሰዎች ይመግብና ያጠጣ፣ ልብስም ይሰጥ ነበር፤ ግዴታው በሁለቱም ወገን ነበር ማለት ነው። በአንጻሩ ሥርዓቱን እንደ ወንድማማች የደቦ ሥራ አድርጎ ማሳመርም እውነቱን ይሸፍናል። የሄደውን አልሄድም ማለት የማይችል ሰው በፈቃዱ ሄደ አይባልም።

ለዚህ አንድ ማስረጃ ከማቹ ፒቹ ራሷ እንጥቀስ። ሥፍራዋን ያሠራት ፓቻኩቲ የተባለው ገዥ እንደሆነ፣ ለእርሱና ለዘመዶቹም የማረፊያ ርስት እንደነበረች ብዙዎቹ ሊቃውንት ይስማማሉ። በ2021 በሪቻርድ በርገር መሪነት የታተመ የካርቦን ምርመራ ሰዎች ከ1420 ገደማ ጀምሮ እስከ 1530 ገደማ ድረስ እንደኖሩባት አሳይቷል። በ2023 ደግሞ በሥፍራው የተቀበሩ 34 ሰዎች ዘረ መል ተመርምሮ ነበር። በዚያ የተቀበሩት አብዛኞቹ ነገሥታት ሳይሆኑ አገልጋዮች ናቸው፤ ዘራቸውም ከአንድ መንደር ሳይሆን ከግዛቱ ራቅ ራቅ ካሉ ክፍሎች፣ ከአማዞን ደን ጭምር የመጣ ሆኖ ተገኝቷል። የገዥው ስም በታሪክ ጸሐፊዎች መዝገብ ሲቀር የእነዚያ ሰዎች ታሪክ የቀረው በአጥንታቸው ውስጥ ነው። ከያሉበት ወደ ኩስኮና ወደ ተራሮቹ ያመጣቸውም ይኸው መንገድ ነበር።

ክቡራንና ክቡራት፤ መንገድ ለሠራው ብቻ ታማኝ አይደለም። ፍራንሲስኮ ፒዛሮ ኅዳር 16 ቀን 1532 በካሃማርካ አታዋልፓን ሲማርክ አብረውት የነበሩት ሰዎች ከ200 አይበልጡም ነበር። እነዚያ ጥቂት ሰዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ኩስኮ የደረሱት ኢንካዎች ራሳቸው በጠረጉት መንገድ፣ ኢንካዎች በዘረጉት ድልድይ፣ ኢንካዎች ባከማቹት እህልና በኢንካ ጠላቶች አጋዥነት ነው። ከስፔናውያኑ ጸሐፊዎች አንዱ የሆነው ሲዬሳ ዴ ሌዮን የኢንካን መንገዶች እጅግ ያደንቅ ነበር። የሥራው የመጀመሪያ ክፍል በ1553 ሲታተም ግን የሚያደንቃቸው መንገዶች የሌላ ጌታ መገልገያ ከሆኑ ሃያ ዓመት አልፎ ነበር።

ደረጃው በበኩሉ ወራሪውን አስቸግሯል። በ1536 በስፔናውያን ላይ የተነሣው ማንኮ ኢንካ ኦያንታይታምቦ በተባለው ምሽግ የስፔንን ፈረሰኞች ከመለሰ በኋላ፣ ፈረስ እንደ ልቡ ወደማይንቀሳቀስበት ወደ ቪልካባምባ ተራሮች ገባ። የኢንካ ወራሾች እስከ 1572 ድረስ በዚያ ቆዩ። በዚያ ዓመት የመጨረሻው ገዥ ቱፓክ አማሩ ተይዞ በኩስኮ አደባባይ አንገቱ ተቀላ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለዛሬው ርእሳችን ዋና ነጥብ ነው። የስፔኑ እንደራሴ ፍራንሲስኮ ዴ ቶሌዶ ሚታ የሚለውን ስም አልሻረም፤ ይልቁንም ወረሰው። በ1570ዎቹ በደነገገው ሥርዓት መሠረት በርካታ አውራጃዎች ከአዋቂ ወንዶቻቸው ከ7ቱ 1ዱን በየተራ ወደ ፖቶሲ የብር ማዕድን እንዲልኩ ተገደዱ። ስሙ አንድ ነው፤ ነገሩ ግን ሌላ ሆነ። በጉልበት የሚከፈለው ግብር ቀረ ሳይባል ምግቡ፣ ልብሱና ወደ ቤት የመመለሱ ተስፋ ተቀነሰ። ይህ ግዴታ በሕግ የተሻረው በ1812 ነው። ስለዚህ ዘመን ከተተዉልን ምስክሮች አንዱ የኬቿ ተናጋሪው ዋማን ፖማ ለስፔን ንጉሥ ያዘጋጀው፣ ወደ 400 የሚጠጉ ሥዕሎች ያሉት ደብዳቤ ነው። በ1615 ገደማ የተጠናቀቀው ይህ ጽሑፍ በኮፐንሃገን ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ ኖሮ በ1908 ተገኘ። ቻስኪው ጥሩንባውን ሲነፋ፣ ሹማምንት ድሀውን ሲያስጨንቁ በሥዕል ያሳያል። ተሸካሚው ፊት አግኝቶ የሚታየው እንዲህ ባሉ ጥቂት ገጾች ነው።

አሁን «ግኝት» ወደሚባለው ነገር ልለፍ። የአሜሪካው ዬል ዩኒቨርሲቲ መምህር ሃይራም ቢንግሃም ሐምሌ 24 ቀን 1911 ማቹ ፒቹን «አገኘ» እየተባለ ለብዙ ጊዜ ተነግሯል። ሆኖም ቻርልስ ዊነር የተባለው ተጓዥ በ1880 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ራሱ ባይደርስበትም፣ የሥፍራውን ስም ከአገሬው ሰምቶ ጽፏል። የአካባቢው ገበሬ አጉስቲን ሊሳራጋ በ1902 ደርሶ ስሙንና ዓመቱን በግንቡ ላይ ጽፎ ነበርና፣ ቢንግሃም ጽሑፉን አይቶ በማስታወሻው አስፍሮታል። በኋላ በ1948 ባሳተመው ዝነኛ መጽሐፉ ግን የሊሳራጋ ስም ቦታ አላገኘም። ቢንግሃምን ወደ ተራራው የወሰደው ሜልቾር አርቴያጋ የተባለ የአገሩ ሰው ሲሆን ደመወዙም አንድ ሶል ነበር። ከላይ ሲደርሱ ሁለት የገበሬ ቤተሰቦች በጥንቱ እርከን ላይ ሰብል እያመረቱ ይኖሩ ነበር፤ ፍርስራሹን እየመራ ያሳየውም ከእነርሱ ወገን የሆነ ሕፃን ልጅ ነው። ሰው እያረሰበት የሚኖርበትን ቦታ «የጠፋ ከተማ» ማለት፣ ለማን ነው የጠፋው? የሚል ጥያቄ ያስከትላል።

ቢንግሃም ራሱ በዚያው ጉዞ ወደ ቪልካባምባ ሲያልፍ ተሸካሚ እንዴት ይገኝ እንደነበረ ተርኳል። የአካባቢው ሹም ወደ ገበሬው ጎጆ ይሄዳል፤ ሰላምታ ለመስጠት እጁን ይዘረጋል፤ ገበሬው ሲጨብጠው በመዳፉ ውስጥ የብር ገንዘብ ያገኛል። ከዚያም «ደመወዝህን ተቀብለሃል፤ እንግዲህ ሥራ» ይባላል። እርሻው ለአረም ቢደርስ፣ ቤቱ ሰው ቢታመም የሚሰማው የለም። ለእኔ ይህ ታሪክ በሥፍራው ከተገኙት የሸክላ ዕቃዎች ሁሉ የበለጠ ይናገራል። ሚታ በሕግ ከተሻረ አንድ መቶ ዓመት ቢሆነውም ልማዱ በእጅ ሰላምታ ውስጥ ተደብቆ ይኖር ነበር።

ልማዱ በሹማምንት ዘንድ ብቻ አልቀረም። በ1920 የፔሩ መንግሥት፣ በፕሬዚዳንት ሌጊያ ዘመን፣ ከ18 እስከ 60 ዓመት ያለው ወንድ ሁሉ በየዓመቱ ለተወሰኑ ቀናት በመንገድ ሥራ እንዲያገለግል አዋጅ አወጣ። ገንዘብ ያለው በገንዘቡ ራሱን ይዋጅ ስለነበር ሥራው የወደቀው በተራራው ገበሬ ላይ ነው። አዋጁ የተሻረው በ1930 ነበር። ኢንካው፣ ስፔናዊው፣ ሪፐብሊኩ፤ ሦስቱም መንገድ ሲሹ የተመለከቱት ወደዚያው መንደር ነው።

ከማቹ ፒቹ የወጡት ቅርሶችም የራሳቸው ጉዞ ነበራቸው። ከ1912 ጀምሮ የተቆፈሩት የሸክላ፣ የነሐስና የድንጋይ ዕቃዎች፣ አጥንቶችም ጭምር፣ ወደ ዬል ተወሰዱ። ፔሩ ለብዙ ዓመታት ስትጠይቅ ቆይታ በ2008 ክስ መሠረተች። በ2010 ስምምነት ተደረሰና ዕቃዎቹ በ2011 እና በ2012 ተመለሱ። ዛሬ በኩስኮ በካሳ ኮንቻ ሙዚየም ይገኛሉ። የመቅደላን ቅርስ ጉዳይ ለሚያውቅ የኢትዮጵያ አድማጭ ይህ ክርክር ብዙ ማብራሪያ አያሻውም።

ዛሬ ተጓዦች የሚሄዱበት መንገድ በሰፊው የታወቀው በኋላ ነው። በ1940 እና በ1941 በፖል ፌዮስ የተመራ ቡድን በመንገዱ ላይ የሚገኙትን ሰፈሮች ከደን አጸዳ። ከእነርሱም አንዷ ዊኛይ ዋይና ናት፤ ስሟን ያገኘችው በአካባቢው ከሚያብብ አበባ ሲሆን ትርጓሜውም «ሁልጊዜ ወጣት» ማለት ነው። ከ1970ዎቹ በኋላ ተጓዡ በዛ፤ ድንኳንና ቆሻሻም በዛ፤ ደረጃው ተሸረሸረ። ስለዚህ በ2001 ደንብ ወጣ። ፈቃድ ያለው አስጎብኚ ሳይዝ ማንም በዚያ መንገድ አይሄድም። በቀን የሚገባው ሰው በ500 ተወሰነ፤ በየዓመቱ የካቲት ወር መንገዱ ለጥገና ይዘጋል።

ከ500ው ውስጥ ጎብኚው 200 ያህል ብቻ ነው። የቀሩት 300 አስጎብኚዎች፣ ምግብ አብሳዮችና ጓዝ ተሸካሚዎች ናቸው። በአማካይ ለአንድ ተጓዥ ከአንድ ሰው በላይ ይደርሰዋል ማለት ነው። ከዚህም በላይ ደረጃውን ከጉዳት ለመጠበቅ ሲባል የጭነት እንስሳ በመንገዱ እንዳይገባ ተከልክሏል። በኢንካ ዘመን ላማ ይሄድበት የነበረው መንገድ ዛሬ ድንኳኑን፣ ማብሰያ ጋዙን፣ ወንበሩን፣ እንቁላሉን ሁሉ በሰው ጀርባ ብቻ ያስተናግዳል። ድንጋዩን ለመጠበቅ የወጣው ደንብ የሰውን ሸክም አከበደው።

ማንም ጎብኚ የሚያየውን እኔም አይቻለሁ። ማለዳ ተጓዡ ሲነሣ ተሸካሚዎቹ ድንኳኑን ሊነቅሉ ይቀራሉ። ጥቂት ቆይተው ጓዙን በጀርባቸው አዝለው፣ ከተጓዡ አጠገብ በፈጣን እርምጃ ያልፋሉ። ተጓዡ እያለከለከ ምሳ ቦታው ሲደርስ ምሳው ተሰናድቶ ይጠብቀዋል። አብዛኞቹ ከተራራው መንደሮች የመጡ የኬቿ ተናጋሪ ገበሬዎች ናቸው። አንዱን በአስተርጓሚ ስለ ሥራው ብጠይቀው፣ ከመለሰልኝ ሁሉ የማስታውሰው በመንገዱ ላይ ብዙ ጊዜ ተመላልሶ ሳለ ማቹ ፒቹን ግን ቆም ብሎ አለማየቱን ነው። ጓዙ ወደ ባቡሩ መውረድ አለበትና።

በ2001 መጨረሻ የፔሩ ምክር ቤት የተሸካሚዎችን ሕግ አወጣ። አንድ ተሸካሚ ከ20 ኪሎ ግራም በላይ እንዳይሸከም ተደነገገ፤ ቀድሞ ከዚህ እጅግ የበለጠ ሸክም የተለመደ ነበር። ሚዛንም በመንገዱ መግቢያ ቆመ። ይህን ሕግ ተሸካሚዎቹ በስጦታ አላገኙትም፤ ተደራጅተው ጠይቀው ነው። ሕጉ በጽሑፍ ያለውን ያህል በተግባር እንዲከበርም ዛሬ ድረስ ይሟገታሉ። በእኔ ንባብ፣ በዚህ መንገድ የ600 ዓመት ታሪክ ውስጥ እነሆ አዲስ ነገር ይህ ነው። ሌላው ሁሉ፣ ጌታው ሲለዋወጥ፣ በመልኩ ብቻ የተለወጠ ነበር። የሸክሙ ልክ በተሸካሚው ጥያቄ ሲወሰን ግን የታሪኩ ውስጣዊ ጠባይ ይለወጣል።

አንዳንድ ሰዎች፣ ምሁራንም ሳይቀሩ፣ እንዲህ ይሉኛል፦ «ሥራው ለድሀው ገበሬ ገቢ ነው፤ በፈቃዱ ይሠራል፤ ከሚታ ጋር ማነጻጸር ተገቢ አይደለም።» ተቃውሞው ክብደት አለው። ገቢው እውነተኛ ነው፤ ልጅ ያስተምራል፤ ጣራ ያስከድናል። ዛሬ የሚሄደው ሰው እንዳይሄድም ይችላል። ጎብኚ ቢቀር ተሸካሚው በቅድሚያ ይጎዳል። ስለሆነም እኔ አትሂዱ አልልም። የማነጻጸሬ ዓላማ ሁሉም አንድ ነው ለማለት ሳይሆን፣ በእያንዳንዱ ዘመን ሦስት ነገሮችን ለመጠየቅ ነው፦ የሸክሙ ልክ ስንት ነው? ልኩን የሚወስነው ማን ነው? ተሸካሚውስ አልሸከምም ቢል ምን ይደርስበታል? ኢንካው፣ ቶሌዶ፣ የ1911ዱ ሹምና የዛሬው ሕግ ለእነዚህ ጥያቄዎች የሚሰጡት መልስ የተለያየ ነው። የታሪክ ሥራ ይህን ልዩነት በትክክል መለካት ነው።

ውድ ተማሪዎች፤ ይህ ለእናንተ የሩቅ አገር ወሬ ሆኖ እንዳይቀር እሻለሁ። በእኛም አገር ታሪክ የዘመተውን ንጉሥና መስፍን በስም እናውቃለን፤ ስንቁን ያዘለችውን ሴት፣ አጋሰሱን የነዳውን ልጅ በስም አናውቃቸውም። ዛሬም በስሜን ተራሮች ጎብኚ ሲጓዝ አብሮት አስጎብኚ፣ ጠባቂና የበቅሎ ነጂ ይሄዳል። የምርምር ርእስ ስትመርጡ ግንቡን ያሠራውን ብቻ ሳይሆን ድንጋዩ በማን ጀርባ እንደመጣ ጠይቁ። ማስረጃው አንዳንዴ በመዝገብ፣ አንዳንዴ በአጥንት፣ አንዳንዴም በሰላምታ መካከል በተደበቀ አንድ ብር ውስጥ ይገኛል። የሽማግሌዎቹና የአሮጊቶቹ ቃል ደግሞ ገና በሕይወት አለ፤ እርሱን መሰብሰብ ግን ነገ ሊዘገይ ይችላል።